ለትል ዋስ የጠራሁበት ሰኔ

በዕድሜዬ ሽማግሌ ፊት ቆሜ የተሟገትኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም በትል ነገር። ረታሁ። ይህን ገና ከጅምሩ የምናገረው ለጉራ ነው፤ ጉራውም ይገባኛል።

የቆሰበር ልጅ ነኝ፤ ብርድና ጭጋግ ያሳደገኝ። መምህርነት ተመርቄ የደረሰኝ ዕጣ ግን ከዳንግላ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጃዊ ቆላ በሚወርደው መንገድ ላይ ያለች አንዲት ቀበሌ ነበረች። አይሱዙ ላይ ከጆንያ ጋር ተጭኜ ስወርድ መጀመሪያ ሹራቤን አወለቅሁ፣ ትንሽ ቆይቼ ነጠላዬን ጠቅልዬ ሻንጣ ከተትኩ፣ ስደርስ ደግሞ ቆዳዬንም ባወልቀው ደስ ባለኝ። አባሎና ግራር እዚህም እዚያም የቆመበት፣ ሳሩ ከኅዳር በኋላ ሲረግጡት የሚንኮሻኮሽ ደረቅ አገር ነው። የመጀመሪያውን ዓመት አለቀስኩ። ዝውውር ጠየቅሁ፤ አልተሰጠኝም፤ እንደገና አለቀስኩ።

ከልቅሶው ያስጣለችኝ ቢራቢሮ ናት። ክንፏን ዘርግታ ከሁለት ጣት ስፋት እምብዛም አትበልጥም። ነጭ ናት፤ የክንፏ ጫፍ ብቻ እንሶስላ እንደሞቀች ሙሽራ ጣት ቀልቷል። ፍየሎች እንኳ ጥላ ፍለጋ በሚራወጡበት በዚያ ቀጥ ያለ ፀሐይ እሷ ከመሬት ብዙም ከፍ ሳትል ሽር ሽር ትላለች። "ይቺ የምታህል ነገር የቻለችውን እኔ ምን ሆኜ ነው የማልችለው?" ብዬ በራሴ ተናደድኩና ልቅሶውን ተውኩ። በኋላ ከመጽሐፍ እንደተረዳሁት ጫፉ ደመቅ ብሎ የሚቀላው የወንዱ ነው። ሙሽራዬ ወንድ ሆኖ ቁጭ አለ!

የምትገኘው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ በደረቁ ወንዝ ዳር ባለው የጉመሮ ቁጥቋጦ ዙሪያ። ጉመሮን ለማያውቅ፦ እንደ ሐረግ ዛፍ ላይ የሚንጠላጠል፣ እሾሁ ወደ ኋላ የተቆለመመ፣ ልብስ ከያዘ የማይለቅ ነገረኛ ተክል ነው። ድሮ አካባቢው ሁሉ ጉመሮ ነበር አሉ። ለሰሊጥ እየተመነጠረ አልቆ የቀረው እሱ ብቻ ነበር። ቢራቢሮዋ ለምን ከዚያ እንደማትርቅ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም። የሳይንስ መምህርት ነኝ ባይ!

በሦስተኛው ዓመት መጤው ተምች አገራችን ገባ። ያን ጊዜ በቆሎ የነበረው ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። ትናንት ለምለም የነበረ ማሳ ዛሬ ወንፊት ሆኖ ይገኛል። መድኃኒት እስኪደርስ በእጅ ልቀሙ ተባለና ገበሬው ከነሚስቱ፣ እኛም ከነተማሪዎቻችን ማሳ ገባን። እኔ ደግሞ ሥራ ከተሰጠኝ ልክ የለኝም። ጠዋት ሰልፍ ላይ ወጥቼ "አረንጓዴ ትል የተባለ ሁሉ፣ ከየትም ይሁን ከየት፣ ለቅማችሁ አምጡ! ብዙ ላመጣ ክፍል ይጨበጨብለታል!" አልኩ። ልጆች ናቸው፤ በቆሎ ውስጥ ጎንበስ ብሎ አንዳንድ ከመፈለግ ጉመሮው ላይ ያለውን ትል ማራገፍ ቀለላቸው። በጣሳ በጣሳ አመጡልኝ። "ከየት ነው?" ስል "ከጉመሮው!" አሉ። እኔም ለቀበሌው ጻፍኩ፦ የተምቹ ዋና መራቢያ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው የጉመሮ ቁጥቋጦ መሆኑ ተረጋግጧል። ተረጋግጧል! ማን አረጋገጠው? እኔ። በምን? በጣሳ። ፈረምኩበት፤ የትምህርት ቤቱ ማኅተምም አረፈበት።

በሦስተኛው ቀን በዕረፍት ሰዓት ወደ ጉመሮው ሄድኩ። ያቺ ነጯ ቢራቢሮ ለጋ ቅጠል ላይ አርፋ ጭራዋን አጠፍ አድርጋ ነካ አደረገችና በረረች። ጠጋ ብዬ ሳይ የጤፍ ፍሬ የምታክል እንቁላል ጥላለች። ከጎኗ ባለው ቅጠል ላይ ልጆቹ ሲያመጡልኝ የነበረው አረንጓዴ ትል ቅጠሉን ይበላል። ክው አልኩ። እንቁላል፣ ትል፣ ሙሽሬ፣ ቢራቢሮ እያልኩ ሰሌዳ ላይ ስስል የኖርኩት እኔው፣ የገዛ ቢራቢሮዬን ልጆች በጣሳ አስለቅሜ ስረግጥ ሰንብቻለሁ። እዚያው ተቀምጬ ራሴን ሰደብኩት።

ወደ ቀበሌው ሊቀመንበር ሮጥኩ። "ሊቀመንበር፣ ተሳስቻለሁ፤ ያ ትል ተምች አይደለም" አልኩት። አንገቱን እየነቀነቀ ሳቀ። "መምህርት፣ ሪፖርትሽ ወረዳ ወጥቷል። ቅዳሜ ጅጌ ተጠርቷል፤ ጉመሮው ይመነጠራል፣ ይቃጠላል። ከቻልሽ ባለማሳውን አሳምኚ" አለኝ።

ባለማሳው የሚባለው በቆሎው ከጉመሮው ጋር የሚዋሰን፣ ከእኔ አምስት ስድስት ዓመት የሚበልጥ፣ ቶሎ የሚግል ሰው ነው። ማሳው ላይ አገኘሁት። ግማሹ በቆሎ ተበልቷል። ነገሩን አስረዳሁት፤ ጉመሮው ከጠፋ ቢራቢሮዋ እንቁላል የምትጥልበት ሌላ ቦታ እንደሌላት፣ እንደምትጠፋ። ሰማኝና "ልጆቼን ቢራቢሮዋ ታበላልኛለች?" አለኝ። ወደ ቤቴ ተመለስኩ። እውነቱን እንደሆነ ግን አውቄው ነበር።

ቅዳሜ ሰው ሁሉ ገጀራና ምሳሩን ይዞ መጣ። ቀድሜያቸው ሄጄ ጉመሮው ፊት ቆሜያለሁ። "መምህርት፣ ዞር በይ" ቢሉኝ አልሄድም። የአገሩ ሰው እስከ ዛሬ "መምህርት ንቅንቅ አላለችም" እያለ ያደንቀኛል። እውነቱን ልናገርና፣ ልሄድማ አስቤ ነበር፤ እሾሁ ቀሚሴን ከኋላ ይዞብኝ ነው። ብንቀሳቀስ ቀሚሴ ተቀዶ ጉድ ሊፈላ ስለሆነ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

ከጅጌው ጋር የመጡ ሽማግሌዎች እርስ በርሳቸው በአዊኛ ተነጋገሩና ግራር ሥር ተቀመጡ። ከመካከላቸው ታላቁ፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ድምፃቸው ቀስ ያለ ሽማግሌ ናቸው። "ነገር ያለው ሰው ቆሞ አይጮህም። ኑ፣ ተራ በተራ ተናገሩ" አሉ። አንድ ልጅ ቀሚሴን ከእሾሁ አላቀቀችልኝ። ባለማሳው ቆሞ ከሰሰ፤ ትል በቆሎውን እንደጨረሰው፣ መራቢያው ጉመሮው እንደሆነ፣ ይህንንም መምህርት ራሷ በማኅተም እንደመሰከረች። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

"የጻፍኩት ስህተት ነው" አልኩ። "ይህ ትል በቆሎ አይበላም። አስቀምጠን እንየው። በቆሎ ከነካ ክብሪቱን የምጭረው እኔ ነኝ።"

ሽማግሌው "ጥሩ። ዋስ ጥሪ" አሉኝ።

"የምን ዋስ፣ አባቴ?"

"አንቺ የመንግሥት ሠራተኛ ነሽ። ነገ ዝውውር መጣልኝ ብለሽ ብትሄጂ የዚህን ሰው በቆሎ ማን ይጠየቅልናል? ጉመሮው በቆየ ቁጥር ለሚደርሰው ጥፋት የሚጠየቅ፣ እዚህ ሥር ያለው ሰው ጥሪ። ዋስ ከሌለሽ ጅጌው ሥራውን ይጀምር።"

የአገሩ ደንብ ነው፤ ዋስ የሌለው ሰው ነገሩ አይሰማለትም። ግን ለትል ዋስ ተጠርቶ ያውቃል? የሥራ ባልደረቦቼን አየሁ፤ ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ። ሊቀመንበሩ ስልኩን ያያል። ዘመድ የለኝ፣ አማች የለኝ። እንባዬ መጣ፤ ደግሞ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት አላለቅስም ብዬ ጥርሴን ነከስኩ።

"እኔ ዋስ ነኝ" አለች አንዲት ሴት ከኋላ።

ዞር ብል የባለማሳው ሚስት! ባልየው እንደ እሳት ነደደ። "አንቺ! አብደሻል?"

"አላበድኩም" አለች፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። "ተምቹን በእጁ የሚለቅመው ማነው? አንተ ስብሰባ ትውላለህ፤ እኔ ጎንበስ እንዳልኩ እውላለሁ። ተምችን ፊቱን አውቀዋለሁ። ግንባሩ ላይ እንደ ባላ እንጨት ሹካ ያለ ምልክት አለው፤ ቂጡ ላይ አራት ነጥብ አለው። የጉመሮው ትል ግንባሩ ንጹሕ ነው። ልጆቹ ሲያመጡት አይቼ 'ይሄ አይደለም' ብል ማን ሰማኝ? መምህርት ጽፋለች አሉኝ።"

በሞትኩት! እኔ ዲግሪ ይዤ ያላየሁትን እሷ በጎበጠ ወገቧ አይታዋለች። ሰውየው "ሚስቴ ለባላጋራዬ ዋስ ትሆናለች ወይ?" ብሎ ጮኸ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ አንዱ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ። ታላቁ ሽማግሌ "ማሳው የእሷም ነው። ከከሳሽ ቤት የተገኘ ዋስ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል" ብለው ለሳምንት ቀጠሩን።

ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ሁለት አንገቱን ቆርጬ አፉን በአጎበር ቁራጭ አሰርኩ። በአንዱ የጉመሮ ትል ከጉመሮ ቅጠል ጋር፣ በሌላው የጉመሮ ትል ከበቆሎ ቅጠል ጋር አደረግን። የበቆሎውን ቅጠል ባለማሳው ራሱ ከማሳው ቆርጦ ከተተ። ሁለቱም በእሱ ቤት ተቀመጡ። እኔ በየቀኑ ከትምህርት በኋላ እየሄድኩ አያለሁ፤ እሱ አናቴ ላይ ቆሞ "እንዳትነኪ!" ይለኛል። ጉመሮ ያገኙት በልተው ወፈሩ፤ አንዱ አጎበሩ ሥር ወገቡን በቀጭን ክር አስሮ ሙሽሬ ሆነ። በቆሎ የተሰጣቸው ወዲያ ወዲህ እያሉ ከሱ፤ ሁለቱ ሞቱ። አዘንኩላቸው፤ ደግሞ ደስ አለኝ። በአምስተኛው ቀን ግን ሰውየው በር ላይ ጠበቀኝ። ፊቱ በርቷል። የበቆሎው ቅጠል ተበስቷል።

ቀዳዳው ግልጽ ነው፤ አዲስ ነው። "ለሽማግሌ አሳያለሁ" አለኝና ሃይላንዱን ወሰደብኝ። እስከ ቀጠሮው ቀን እህል አልበላልኝም። ክብሪቱን እንዴት እንደምጭረው ብቻ አስብ ነበር።

በቀጠሮው ቀን ሰው ካለፈው ሳምንት እጥፍ ሆኖ መጣ። ሰውየው ሃይላንዱን ከፍ አድርጎ አዞረው። "ይኸው! በልቷል! በዓይናችሁ እዩ!" ጉምጉምታ ተነሣ። ሽማግሌው ተቀብለው አገላብጠው አዩና "መምህርት፣ ምን ትያለሽ?" አሉ። ወደ ዋሴ ዞርኩ።

"ቅጠሉን እንፍታው" አለች ዋሴ።

"ምኑን ነው የምትፈቺው?"

"ለጋውን፣ የተጠቀለለውን።" ተቀብላ አጎበሩን ፈታች፤ የበቆሎውን ጥቅል ለጋ ቀስ እያለች ተረተረችው። ከመሐሉ አንድ የሰባ ትል ዱብ አለ። በመዳፏ ይዛ ለሽማግሌው ግንባሩን አሳየች። ባላው አለ። አራቱ ነጥቦች አሉ። ባሏ ከማሳው ሲቆርጥ ከነተምቹ ነው የከተተው!

"የራሱን ሌባ ይዞ መጥቶ ነው ሰው የከሰሰው!" አለ አንዱ፤ ግራሩ ሥር ያለው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ እልል አልኩ። መምህርት ነኝ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ አላልኩም፤ ጉሮሮዬ እስኪነቃ እልል አልኩ፤ ሴቶቹም ተቀበሉኝ። ሽማግሌዎቹ ጉመሮው እንዳይነካ ፈረዱ። ሊቀመንበሩም "እንግዲያው ጻፊ" ሲለኝ እዚያው ጉልበቴ ላይ ጻፍኩ፦ የመጀመሪያው ሪፖርት የእኔ ስህተት ነው፤ ያረመችኝም ተምችን በእጇ የለቀመች ገበሬ ናት። ፈረምኩበት። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ፈርሜ አላውቅም። ጅጌውም ተበትኖ አልቀረም፤ በዋሴ መሪነት ማሳው ገብቶ፣ ግንባር እያየ፣ እስኪመሽ ተምች ለቀመ። የቀረው ግማሽ በቆሎ ተረፈ።

ሰውየው ግን ሙሽሬው ያለበትን ሃይላንድ አልመልስም አለኝ። "የሚስቴ ዋስነት ገና አላለቀም። የሚወጣውን ሳላይ አላምንም" አለ። አኩርፏል ብዬ ተውኩት።

ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ባንዲራ እየተሰቀለ ሳለ አንድ ሰው ሃይላንድ በሁለት እጁ አቅፎ እየሮጠ በበሩ ገባ። እሱ ነው። "መምህርት! ወጣች! ወጣች!" ሰልፉ ፈረሰ። ልጆቹ ከበቡት። አጎበሩን ፈቶ ሃይላንዱን ዘቀዘቀው፤ ቢራቢሮዋ ጣቱ ላይ ወጥታ ክንፏን ከፈት ከደን አደረገች። ነጭ፣ ጫፏ ቀይ። "ይቺን ነው ላቃጥል የነበረው" አለ ለልጆቹ። ከዚያ ተነሣች። ልጆቹ ጮኹ፤ እሱም ከልጆቹ ጋር ጮኸ።

ከዚያ ወዲህ ባገኘው ሰው ሁሉ ፊት "ከጣቴ ተነሥታ ቀጥ ብላ ወደ ጉመሮዋ ነው የሄደችው፤ በቆሎዬን ዞራም አላየችው" እያለ ይምላል። እኔ በዓይኔ ያየሁት በመጸዳጃ ቤቱ ጣሪያ ላይ አልፋ ወደ መንገዱ ስትሄድ ነው። እስከ ዛሬ ግን ይህን አልነገርኩትም፤ አልነግረውምም።