በደቦ የጨረስነው የጋሽ ይማም ካብ

ግንበኛው ጋሽ ይማም ባለፈው ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ መካነ ሰላም በሚገኘው ቤታቸው ወደ አኼራ ሄደዋል። ከደጎሎ እስከ ማሻ የሚያውቃቸው ሁሉ መርዶውን ሰምቷል። ለቅሶው ላይ «ካንሰሩ ገደላቸው» ሲባል ዝም ብዬ ሰማሁ። ዝም ማለቴ ስላንገበገበኝ ነው ይህን የምጽፈው። ካንሰሩ አልገደላቸውም።

እኔ ደሳለኝ እባላለሁ። ሙያውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ ለብቻዬ የገነባሁት ግድግዳ ተጣሞ ባለቤቱ ሲጮህብኝ፣ ጋሽ ይማም መጥተው ቱንቢውን ጣሉበትና «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሳላየው ነው የለቀቅኩት» አሉት። ሰውየው ሲሄድ ግድግዳውን አብረን አፈረስነው። በሁለት ቀን አብረን መልሰን ሠራነው። ስለ ስሕተቴ አንድ ቃል አልተነፈሱም። የገብርኤልን ቅጥር የካቡትም እሳቸው ናቸው፤ ጎርፍ ሲያፈርሰው ማንም ሳይጠራቸው ከጁምዓ ሶላት መልስ መዶሻቸውን ይዘው ሄዱ። «ድንጋይን ፊቱን ሳታይ አታንሳው» ይሉን ነበር። ቸኩሎ የሚያነሳ ተማሪ ያናድዳቸዋል።

አምና እንጀራው ደረታቸው ላይ እየቆመ አልወርድ አላቸው። በኋላ ሽሮውም፣ ውሃውም። አዲስ አበባ ይዣቸው ሄድኩ፤ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ነው ተባለ። ሐኪሞቹ የታመመውን ቧንቧ ቆርጠው አወጡና ጨጓራቸውን ወደ ላይ ስበው ቀጠሉላቸው። ሊሸኙን ሲሉ የቀዶ ሕክምና ሐኪሟ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«አባባ፣ ካንሰሩን አውጥተነዋል። አሁን የምፈራልዎ ለጡንቻዎ ነው። እሱ ካለቀ ለመሳል እንኳ አቅም ያጣሉ፤ አክታው ሳንባዎ ውስጥ ይቀራል። ትንሽ ትንሽ፣ ግን ቶሎ ቶሎ ይብሉ፤ እንቁላል፣ ወተት። ይራመዱ። ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ ቀለል ያለ ነገር ማንሳት ይጀምሩ። ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ድንጋይ» አሏት።

ሳቀች። «እንግዲያው መድኃኒቱ ደጅዎ ላይ ነው። ብቻ ከትንሹ ይጀምሩ።»

ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

ሦስት ወሩ ሲሞላ ጓሯቸውን አፈር እንዳይሸረሸር የሚይዝ ካብ ጀመሩ። መጀመሪያ በቀን ሦስት ድንጋይ፣ እሱም ጡጫ የሚያህል። ሳምንት ቆይተው አምስት አደረጉት። ባለቤታቸው እትዬ ዘሃራ የተቀቀለ እንቁላል ይዘው በር ላይ ይቆማሉ፤ «ኧረ ሰውዬ፣ ቀዘቀዘ!» ይላሉ። እሳቸው ግማሹን ይበላሉ፣ አረፍ ይላሉ፣ ሌላ ድንጋይ ያነሳሉ። ጭናቸው መሙላት ጀምሮ ነበር። አንድ ቀን «ደሳለኝ፣ ዛሬ ሰባት ገባ። ክረምቱ ሲወጣ አንተን ነው የማነሳህ» ብለው ሳቁብኝ።

ሰው ግን ማየት የሚወደውን ብቻ ነው የሚያየው። አላፊ አግዳሚው ያወራ ጀመር። «ያን ሁሉ ተማሪ አስተምሮ፣ ታሞ ድንጋይ ይሸከማል! ተማሪ ተብዬዎቹ የት ሄዱ?» ወሬው ባሕር ተሻግሮ ጅዳ ካለችው ልጃቸው ከሰዓዳ ጆሮ ደረሰ። ደወለችልኝ፤ እያለቀሰች። «ወንድሜ፣ እናንተ እያላችሁ አባቴ?» ሐኪሟ ያለችውን ልነግራት ይገባ ነበር። አልነገርኳትም። አፈርኩ። ለመንደሩ ሁሉ ሐኪሟ እንዲህ አለች እያልኩ ልዞር ነው? ደቦ ጠራሁ።

አርብ ቀን እሳቸው ለጁምዓ መስጊድ ሲሄዱ፣ አሥራ አንድ ተማሪዎቻቸው ጓሮው ገባን። ከመመለሳቸው በፊት ካቡ አለቀ። በዱላቸው ቀስ እያሉ መጡና ቆሙ። እኛ ምርቃት ነው የምንጠብቀው። እጃቸውን በድንጋዩ ላይ አሳለፉ። «አላህ ይስጣችሁ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ ሌላው እንዳይሰማ፣

«ይኼ እኮ እስከ መስከረም ይበቃኝ ነበር» አሉኝ።

«ይረፉ እንጂ ጋሼ» አልኳቸው።

አረፉ። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ሊያነሱ ጎንበስ ሲሉ ከእጃቸው የማይነጥቅ አልነበረም። መስጊድ በባጃጅ ወሰድናቸው። ጠያቂው ሁሉ ትሪ ሙሉ ይዞ እየመጣ «በሞቴ፣ ይችን ብቻ» እያለ አጎረሳቸው፤ የተቀጠለ ጨጓራቸው አልችል ሲል አስመለሳቸው፤ ኋላ መብላቱንም ፈሩት። ክረምቱ ሲወጣ እግራቸው ከዱላቸው አይወፍርም ነበር። ከተቀመጡበት ዱካ ለመነሳት ሁለት ሰው ይይዛቸዋል።

ደሴ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ ምርመራውን አይቶ «ካንሰሩ አልተመለሰም። ያለቀው ጡንቻቸው ነው። ምን ይሠሩ ነበር?» አለኝ።

«ምንም አላስነካናቸውም» አልኩት። ይመሰግነኛል ብዬ ነበር። ብዕሩን አስቀምጦ አየኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጉንፋን ያዛቸው። ጉንፋን! ማንም ሰው ተኝቶ የሚነሳበት። ይስላሉ፣ አክታውን የሚገፉበት አቅም የለም፤ እትዬ ዘሃራ ጀርባቸውን እየደገፉ «በል እንጂ፣ አንዴ፣ አንዴ ብቻ» ይላሉ። አልቻሉም። ሳንባቸውን መታው።

ድንኳኑ ውስጥ ምን ሲባል እንደዋለ ልንገራችሁ። «ተማሪ ማፍራት እንደሱ ነው! አንዲት ጠጠር አላስነሱትም» እየተባለ ተመሰገንን። ሽማግሌዎች ትከሻዬን መቱኝ። ምስጋናውን ተቀብዬ ቡና አፈላለሁ፣ እንግዳ አስቀምጣለሁ። ከዚያ የባሰ ነገር በሕይወቴ አልሠራሁም። ስለዚህ በየቤታችሁ ከሐኪም ቤት የተመለሰ ሰው ተነስቶ አንድ ነገር ሊሠራ ሲል፣ እጃችሁን ሰብስቡ። ሰው ይታዘበናል ብላችሁ ከሆነ፣ ይታዘባችሁ።

ጋሽ ይማም፣ ከእርስዎ ጋር በሰላም ልለያይ ብዬ ቃል ስፈልግ ሰነበትኩ። ባለማወቅ ነው ብል ደስ ባለኝ፤ እርስዎን ግን አልዋሽዎትም። ሐኪሟን ሰምቻታለሁ። ያን አርብም እርስዎን ሰምቼዎታለሁ። አውቄ ነው፣ የሰው አፍ ፈርቼ ነው። አውፍ ይበሉኝ፤ ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ።