መምህር ሽፈራውና የእትዬ ዘነቡ ዓይን

ባለፈው ሳምንት ሸዋ በር ታክሲ ስጠብቅ የሳምቡሳ ዘይት ሽታ አፍንጫዬን ሞላውና መምህር ሽፈራው ትዝ አሉኝ። ሳምቡሳ ሻጭ አልነበሩም፤ የሳይንስ አስተማሪ ነበሩ። ከግቢያችን ጥግ ያለችውን አንድ ክፍል ተከራይተው፣ ጠመኔ የጠገበ ካፖርታቸውን ምስማር ላይ ሰቅለው፣ ባትሪው በላስቲክ የታሰረ ሬዲዮናቸውን ሲጎረጉሩ ይውሉ ነበር። ምንም ነገር ብትነግራቸው «ሞክራችሁ አይታችኋል?» ይላሉ። እናቴ «ይኼ ሰውዬ እግዜርንም ሳይሞክር አያምን» እያለች ታማቸዋለች፤ ወጥ ስትሠራ ግን ቀድማ የምትልከው ለእሳቸው ነው።

በዚያው ግቢ እትዬ ዘነቡ ነበሩ። ቡዳ ናቸው ይባላል። ማን እንደጀመረው እንጃ፤ ብቻ እሳቸው ከቤት ብቅ ሲሉ እናቶች የምንበላውንም እኛንም በነጠላ ይሸፍናሉ። የሚያሳዝነው ሴትዮዋ ራሳቸው ማመናቸው ነው። ልጅ ሲበላ ካዩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ፈላና በር አጠገብ የምትኖረው ልጃቸው ወንድ ልጅ ስትገላገል፣ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ሊጠይቃት ሲሄድ እሳቸው ገንፎ ሠርተው በሰው ላኩ። ልጁ ክርስትና ሊነሣ ሲቃረብ እንኳ አላዩትም። «ዓይኔ ቢያገኘውስ?» እያሉ መምህር ሽፈራው ፊት ሲያለቅሱ ሰማኋቸውና አንጀቴን በሉኝ።

መምህር አላጽናኗቸውም፤ ማጽናናት አያውቁበትም። «እንሞክረው» አሉ።

እናቶችን ማሳመን ቀላል አልነበረም። ሳምቡሳ የሚጠብሱት ጎረቤታችን እትዬ ፋጡማ «ወላሂ፣ ነገሩ ይለይለት» ባይሉ ኖሮ አይሆንም ነበር። ቅዳሜ ዕለት የግቢው ልጆች ለሁለት ተከፍለን በሁለት ክፍል ገባን። በየበሩ ትንሽ ቀዳዳ ያላት አንሶላ ተሰቀለች። እናቶቹ ወደ ግቢው እንዳያዩ እትዬ ፋጡማ ቤት ተዘጋባቸው። እትዬ ዘነቡ ከአንዷ አንሶላ ጀርባ ብቻ ተቀምጠው ሊያዩ፣ የትኛዋ እንደሆነች ከእሳቸው፣ ከመምህርና ትሪ ከሚያመላልሱት ከእትዬ ፋጡማ በቀር ማንም ላያውቅ ነው። ክታብም ጤና አዳምም ክልክል ነበር፤ እናቴ ግን ኪሴ ውስጥ ጤና አዳም ሸጉጣልኛለች፣ እናት አይደለች። ሳምቡሳው ትኩስ ነበር፤ ማን ቡዳ አስታወሰ! በላን፣ በላን።

በማግስቱ መምህር እናቶችን ሰብስበው የታመመ እንዳለ ጠየቁ። እኔ ሌሊቱን ሳስመልስ ነው ያደርኩት። እናቴ እየጎተተች አቀረበችኝና «ይኸው፣ ልጄን በላችብኝ!» አለች። ከእኔ ጋር ከነበሩት አንዱንም ሆዱን ቆርጦታል። መምህር ቀስ ብለው፣ እትዬ ዘነቡ የተቀመጡት በሌላኛው ክፍል በር እንደነበር ተናገሩ፤ እትዬ ፋጡማም መሰከሩ። ከእኛ አንሶላ ጀርባ ማንም አልነበረም። እሳቸው ያዩአቸው ልጆች እዚያው ግቢው ውስጥ ኳስ ይራገጡ ነበር።

እናቴ ወደ እኔ ዞር ብላ ስንት ሳምቡሳ እንደበላሁ ጠየቀችኝ።

አንዳንዶቹ እናቶች እትዬ ዘነቡ ያን ዕለት ጠግበው ይሆናል ብለው አጉረመረሙ። መምህር አልተከራከሩም። ለእትዬ ዘነቡ ግን የተሞከረው አንድ ቀን ብቻ እንደሆነ፣ ካልበቃቸው ደግመው እንደሚሞክሩት ነገሯቸው።

«አይ ልጄ» አሉ እትዬ ዘነቡ፣ «ዓይኔ እንባ እስኪያቀር ነው ያፈጠጥኩባቸው። ያኔ ካልበላኋቸው ሌላ ቀንም አልበላቸውም።»

ከሰዓት በኋላ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እጃቸውን ይዛ ወደ ፈላና በር ወሰደቻቸው፤ እኔም ተከተልኩ። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ እትዬ ዘነቡ አልገባም ብለው ቆሙ። ልጃቸው ሕፃኑን ይዛ ወጣች። ከፊቱ ላይ ሻሹን ገለጠችና እቅፋቸው ውስጥ አስገባችው።

«እዪው እማዬ» አለች፣ «ዓይኑ ቁርጥ ያንቺን ነው።»

እሳቸውም አዩት። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ታለቅስ ነበር።

መምህር ሽፈራው ኋላ ወደ ሌላ አገር ተዛወሩ፤ የት እንዳሉ አላውቅም፣ ይናፍቁኛል። ያ ሕፃን ዛሬ ጢሙን የሚላጭ ጎረምሳ ሆኗል። ሲያወራህ፣ በዚያ ትልልቅ የአያቱ ዓይን፣ ፊት ለፊት ነው የሚያይህ።