የጳጉሜ ወንዝ

በእኛ ሰፈር በጳጉሜ ማለዳ ወንዝ ወርዶ መታጠብ የቆየ ልማድ ነው። አሮጌው ዓመት ከነደዌው በውኃ ይሄዳል ይባላል። ቤታችን ደባርቅ ከተማ ዳር፣ ወንዙ አጠገብ ስለሆነ የልጃገረዶቹ ሳቅ ከወንዙ እስከ ደጃፌ ይሰማል። ሁለት ጳጉሜ ሙሉ ከዚያ ሳቅ መሀል የልጄን ድምፅ ስናፍቅ ኖርኩ። እሷ ግን አጠገቤ ቁጭ ብላ እንደኔው ታዳምጥ ነበር።

ልጄ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። የሚጥል በሽታ አለባት። መድኃኒቷን ጠዋትና ማታ ትወስዳለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከጣላት ወራት አልፈዋል። ቢሆንም እሳት አጠገብ ብቻዋን አልተዋትም። ዛፍ አትወጣም። ወደ ሊማሊሞ ስንሄድ ገደሉ አፋፍ ላይ አትቆምም። ስትታጠብ በሩ አይቀረቀርም። ወንዙን ደግሞ ጨርሶ ከለከልኳት።

ምክንያቱ የራሴ ጥፋት ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ጸበል ይዣት ስሄድ ክኒኑን ቤት ትቼው ሄድኩ። ጸበል እየተጠመቁ መድኃኒት መዋጥ እምነት ማጉደል መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ውኃው ውስጥ እንደቆመች ጣላት። አንዲት የማላውቃት ሴት ከነልብሷ ገብታ አወጣችልኝ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም፤ በጸሎቴ ግን አልረሳትም።

ነገሩን ለነፍስ አባታችን ነገርኳቸው።

«ልጄ፣ ጸበሉን የባረከው አምላክ ለሐኪሙስ ጥበብ አልሰጠም?» አሉኝ። «ከእንግዲህ ክኒኑን በጸበሉ ትዋጠው።»

ከዚያ ወዲህ ክኒኑ አንድ ቀን ተረስቶ አያውቅም። ፍርሃቴ ግን አልለቀቀኝም።

ዘንድሮ በጳጉሜ ሁለት ማለዳ የጎረቤት ልጅ፣ ባልንጀራዋ፣ ደጅ ላይ ቆማ ተጣራች።

«እትዬ፣ ዘንድሮስ አይለቋትም?»

«ውኃ ነው እኮ፣ ልጄ።»

«እኔ እይዛታለሁ!»

«አንቺን ማን ሊይዝሽ?» አለች ልጄ ከውስጥ። «አምና ነጠላሽን ወንዝ አስወስደሽ የተገረፍሽው አንቺ አይደለሽም?»

ሦስታችንም ሳቅን። እኔ ግን አለቀቅኋትም።

ማታ ላይ ልጄ፣ «እማ፣ ውኃው እስከ የት ይደርሳል?» አለችኝ።

«እስከ ጉልበት።»

«እኔን እስከ ቁርጭምጭሚት ይበቃኝ ነበር።»

ክኒኗን ከውኃ ጋር አቀበልኳት።

በማግስቱ ቅዱስ ሩፋኤል ነበር። በዕለቱ የሚዘንበው ዝናብ ለእኛ ጸበል ነው፤ ልጅ ሁሉ ወጥቶ ይታጠብበታል። ከሰዓት በኋላ ደመናው ከተራራው ወርዶ ዝናቡን ለቀቀው። ልጄ ደፍ ላይ ቆማ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ግቢያችን ለስላሳ ሣር ነው፤ የሚያሰጥም ውኃ የለው፣ ገደል የለው።

«ውጪ» አልኳት።

ባልንጀራዋ ሌሎቹን ልጆች አስከትላ ገባች። «እትዬ፣ ወንዙ ራሱ መጣልዎት!» እያለች ትጮሃለች። እኔ ከቆርቆሮው ክፈፍ ሥር ቆሜ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከሳቁ ሁሉ መሀል የልጄን ሳቅ ለይቼ ሰማሁት። ተመስገን።

ፀጉሯን ሳደርቅላት ቀስ ብላ፣ «ለከርሞስ፣ ወንዙ?» አለች።

«ያድርሰን። እኔም አብሬሽ እገባለሁ፤ እጅሽ በእጄ ሆኖ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት።»

ዝናቡን በጣሳ ተቀብላ ኖሮ፣ የማታውን ክኒኗን በእሱ ዋጠችው።