የለም ያልኩበት ክረምት

በዚያ ክረምት እግሬ አንድ ቦታ አልረጋ ብሎኝ ነበር። ስቀመጥ ይበላኛል፣ ስቆም ይበላኛል፤ ክፍል ውስጥ መምህሩ እያስረዳ እንኳ ጀርባዬን ከወንበሩ መደገፊያ ጋር አሻሽ ነበር። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ነው። ዕድሜዬ አሥራ ዘጠኝ፣ የድሬሰርነት፣ የሐኪም ረዳትነት፣ ትምህርት ከጀመርኩ አምስት ወር ሆኖኛል። ሰማያዊ ቀሚሴን ለብሼ፣ ነጭ ሽርጤን አገልድሜ በኮልፌ ጭቃ ላይ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለልኩ ስወጣ ሰፈሩ ሁሉ ሥራውን ትቶ የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ የሚያየኝ አልነበረም። እኔ ግን ኩራቴ ሁሉ ያ ሽርጥ ነበር።

አባቴ ኮልፌ ገበያ ውስጥ ገመድ፣ ሰሌንና ጅባ ይሸጥ ነበር። ከአገር ቤት የመጣ ዘመድ ሌላ ሰው ቤት ማደር የለበትም የሚል ደንብ ነበረው። ክረምት ሲገባ ሥራ ፍለጋ የሚመጡ አምስት ስድስት ሰዎች በፊተኛው ክፍል በጅባ ላይ ተደርድረው ይተኛሉ። አባቴም ትልቁን ቡልኮ ከራሱ አልጋ ላይ ገፎ ያለብሳቸዋል። «እነሱ የአዲስ አበባን ብርድ አያውቁትም፤ እኔ ለምጄዋለሁ» ይላል። ሰዎቹ ሥራ አግኝተው ሲሄዱ ቡልኮው ወደ አልጋው ይመለሳል። እናቴ ማጠቡን አትጠላም፤ ግን በሐምሌ የታጠበ ቡልኮ መቼ ይደርቃል? ሳምንት ሙሉ ገመድ ላይ ውሎ ቢገባ እንኳ እርጥብ ነው። ስለዚህ ሳይታጠብ ይከርማል።

ቅማል ነበረን። አሁን እንዲህ ስጽፈው ቀላል ነው። ያኔ ግን ቃሉ ከአፌ አይወጣም ነበር፤ እናቴም አባቴም አያነሱትም። እሁድ እሁድ ትንሽ ፀሐይ ብልጭ ስትል እንግዶቹ አጥሩ ሥር ተቀምጠው ሸሚዛቸውን ገልብጠው ስፌት ስፌቱን ይፈትሻሉ፣ በሁለት ጥፍራቸው መሀል ጣ! ያደርጋሉ። እኛ እንዳላየ ሰው እናልፋለን። ቅማል የእንግዶቹ ነው፣ የእኛ አይደለም፤ በቤታችን የነበረው ስምምነት ይኼ ነበር።

አንድ ቀን መምህራችን ቅማል በማጉያ መነጽር አሳየን። ተራዬ ደርሶ ዐይኔን ሳስጠጋ የጠጣው ደም ሆዱ ውስጥ ሲላወስ አየሁ። እንደ ጓደኞቼ «ወይ ጉድ!» ብዬ አፌን ያዝኩ። አቤት ማስመሰል! የዚያኑ ዕለት ጠዋት አንዱን ከአባቴ ኮሌታ ላይ አንስቼ ነበር። መምህሩ ያስረዳን ነገር ግን እስከ ዛሬ አልተረሳኝም። የልብስ ቅማል አይበርም፣ አይዘልም፤ ከልብስ ወደ ልብስ ይሄዳል። ኑሮው ስፌት ውስጥ ነው፤ ሰው ብርድ ፈርቶ ልብስ በልብስ ላይ ሲደርብ፣ ተጠጋግቶም ሲተኛ ይመቸዋል። የሚያገረሸውን ትኩሳት የሚያስተላልፈው ደግሞ ንክሻው አይደለም፤ ሲጨፈለቅ ነው። ተህዋሱ ያለው በቅማሉ ሰውነት ውስጥ ስለሆነ፣ በጥፍር ሲፈርጥ ፈሳሹ በታከከና በተቧጠጠ ቆዳ በኩል ወደ ሰው ደም ይገባል። የእሁዱ «ጣ!» ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ቤት ሄጄ ዛሬውኑ እናገራለሁ አልኩ። ቤት ደረስኩ፤ እንግዶቹ ተነስተው «ሐኪማችን መጣች» ብለው ቦታ ለቀቁልኝ፤ ሳልናገር ቀረሁ።

አባቴ ታመመ። ጠዋት ገበያ ሊሄድ ሲነሳ አንቀጠቀጠው፣ ራሱን ሊፈልጠው ደረሰ፣ እጅ እግሩን መንካት አይቻልም። በሦስተኛው ቀን ጋሪ ጠርቼ ሁለታችን ብቻ ጤና ጣቢያ ሄድን። በሽተኛ የሚቀበሉት ድሬሰር ፀጉራቸው የሸበተ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። አጠገባቸው ለልምምድ የተላኩ ሁለት የክፍሌ ልጆች ሽርጣቸውን ለብሰው ቆመዋል። እነሱን ሳይ ጀርባዬን የሚበላኝ እንኳ ለጊዜው ተወኝ።

«ቆላ ወርደው ነበር?» አሉ ድሬሰሩ።

«አዎ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት። ጭነት ሊያመጡ ጊቤ ድረስ ወርደው ነበር» አልኩ።

«ቤታችሁ ቅማል አለ ወይ?»

የሚጠይቁት ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። መልሱ ምን እንደሚያመጣም አውቃለሁ፤ ደብተሬ ላይ በጥሩ ጽሑፍ ሰፍሯል። አባቴ ትከሻዬ ላይ ተደግፎ እያቃሰተ ነው። ሁለቱ ልጆች ያዩኛል።

«የለም» አልኩ። «ኧረ ፈጽሞ።»

ሽርጤን ተመለከቱና ራሳቸውን ነቀነቁ። ደም የሚመረምረው ሰው ፈቃድ ላይ ስለነበር፣ ቆላ መውረዱን ይዘው የወባ ኪኒን ሰጡን። ስንመለስ ጋሪው ላይ ሆኜ፣ ምናልባት እኮ ወባም ሊሆን ይችላል፣ ጊቤ ወባ አለ እያልኩ ራሴን አባበልኩ።

በሁለተኛው ቀን አባቴን ላብ አጠመቀው። ትኩሳቱ ለቀቀው፣ ቀና ብሎ ተቀመጠ፣ ራበኝ አለ። ቤቱ በደስታ ተሞላ! እናቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት። የመጣ ጠያቂ ሁሉ ይመርቀኛል፣ አባቴም «የልጄ ኪኒን ነው» ይላል። እኔም ምርቃቱን ተቀበልኩ፤ ተቀብዬም አመንኩት። እናቴ ክትፎ በቆጮ አቀረበችለት። አስታማሚ ሆና ከአስኮ መጥታ እግሩ ሥር የምትተኛው አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ «አንጀቱ ገና አልጠናም፣ ተይው» አለች። እናቴ «ራሱ ነው እኮ የጠየቀኝ» አለቻት። አባቴ ጥርግ አድርጎ በላ።

በሳምንቱ ትኩሳቱ ተመለሰ።

«አብልተሽው አገረሸበት!» አለች አክስቴ። ይህንን ለእናቴ አንዴ ብላ አልተወችም። ለሚገባው ጠያቂ ሁሉ ከክትፎው ጀምራ ትተርካለች፤ ጠያቂውም እናቴን ገልመጥ አድርጎ ከንፈሩን ይመጣል። እናቴ እህል መቅመስ አቆመች። እጇን እያየች «ይቺ እጄ በተቆረጠች» ስትል ሰማኋት።

እኔ ግን አውቅ ነበር። ትኩሳቱ ሄዶ በሳምንቱ መምጣቱ በክትፎው አይደለም። በደም ውስጥ የሚዋኘው እንደ ተጠማዘዘ ክር ያለ ተህዋስ ነው። ሰውነት ያንን ክር በልብሱ፣ ማለትም በላይ ሽፋኑ፣ ይለየዋል፤ ለይቶም ያጠፋዋል፤ ያኔ ትኩሳቱ ይወርዳል፣ በሽተኛውም ዳንኩ ይላል። ከጥፋቱ የተረፉት ጥቂቶች ግን ልብሳቸውን ይቀይራሉ። የሰውነት ዘበኛ የሚፈልገው የድሮውን ልብስ ስለሆነ በፊቱ ሲያልፉ ዝም ይላቸዋል፤ እነሱም ሳምንት ያህል ተደብቀው ይራባሉ፣ ከዚያም እንደገና ይነሳሉ። ምግቡ የለበትም፣ ብርዱ የለበትም፣ እናቴም የለችበትም። ይህን ከደብተሬ ላይ አነበብኩ፣ ዘጋሁት፣ እስከ በሩ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ እንደገና ገለጥኩት። እንዳትናገሪ ብሎ የከለከለኝ ሰው አልነበረም። ራሴን ጠላሁት፤ ግን አሁንም ሌላ ምክንያት እፈልግ ነበር።

በማግስቱ የአባቴ ዐይን ቢጫ ሆነ፣ ከአፍንጫው ደም መጣ። ከዚያ በኋላ ሌላ ምክንያት አልፈለግኩም። በዝናብ ውስጥ እየሮጥኩ ጤና ጣቢያ ደረስኩና በሽተኞች የተቀመጡበትን ወረፋ ጥሼ ድሬሰሩ ፊት ቆምኩ።

«ዋሽቼዎታለሁ። ቅማል አለ። ቤታችን ሙሉ ነው።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«እኔ እኮ ያመንኩሽ ሽርጥሽን አይቼ ነው» አሉ። «ሂጂ፣ አሁኑኑ ይዘሽው ነይ።»

አባቴን በጋሪ አመጣነው፤ አክስቴም አብራ መጣች። እናቴ ቤት ቀረች፤ በጠያቂዎቹ መሀል አልፋ መውጣቱን ፈርታ ይመስለኛል። ደም መርማሪው በዚያን ቀን ነበር። ከአባቴ ጣት ደም ወስዶ በማይክሮስኮፕ አየና ዞር ብሎ «ነይ፣ እዪው» አለኝ። አየሁ። ክሮቹ በቀይ የደም ኳሶቹ መሀል እየተጠማዘዙ ይሯሯጣሉ። ወዲያው መርፌ ተወጋ፤ ድሬሰሩም ወደ ጥግ ወስደው አስጠነቀቁኝ።

«ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ የባሰ ያንቀጠቅጠዋል። የሞተ እስኪመስላችሁ ድረስ። ተህዋሶቹ ባንድ ጊዜ ሲያልቁ መርዛቸው ደም ውስጥ ስለሚፈስ ነው። እኛ እንከታተለዋለን፤ ዘመዶችሽ ይዘውት እንዳይሄዱ ግን ጠብቂ።»

እንዳሉት ሆነ። አልጋው እስኪንኳኳ ተንቀጠቀጠ፣ ከንፈሩ ጠቆረ፣ ማንንም አላውቅ አለ። አክስቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች።

«ገደላችሁት! በመርፌ ገደላችሁት! ወንድሜን ጠበል ውሰዱልኝ!» ብላ ጋሪ ነጂውን ጠርታ እግሩን አስያዘችው።

በሩ ላይ ቆምኩ። እኔም አባቴን እየገደልኩት መስሎኛል። «አክስቴ፣ እባክዎ፣ አሁን ከወጣ ይሞታል» አልኳት። በጥፊ መታችኝ። አልተንቀሳቀስኩም። ድሬሰሩ መጥተው እጃቸውን አባቴ ግንባር ላይ አድርገው አጠገቡ ተቀመጡ፤ አክስቴም ሽማግሌ አክብራ አደብ ገዛች። ቀኑ ሳይመሽ መንቀጥቀጡ ተወው፣ ላብ መጣ፣ ከዚያም እንደ ሰው ተኛ። ድሬሰሩ ወደ ቤት ሲያሰናብቱን ያዘዙኝ አንድ ነገር ነው፤ በዚያ ቤት ያደረ ሰው ልብስ በሙሉ ይቀቀል፣ ስፌት ስፌቱም በጋለ ካውያ ይተኮስ።

በማግስቱ እናቴና እኔ በርሜል ጥደን፣ ከቦኖ ውሃ እያመላለስን ቡልኮውን፣ የአባቴን ጋቢ፣ የእንግዶቹን ሸሚዝ ቀቀልን። ከእንፋሎቱ ጎን ቆሜ ለእናቴ ሁሉን ነገርኳት፤ ቅማሉን፣ ጥያቄውን፣ «የለም» ማለቴን። ያገረሸበት በክትፎው እንዳልሆነ፣ ዛሬውኑ ለአክስቴ እንደምናገር ነገርኳት። እናቴ በዱላ የምታማስለውን ልብስ ተወችው።

«አትናገሪም» አለች።

«እማዬ፣ ባሏን ልትገድል ነበር እያሉሽ እኮ ነው!»

«ይበሉኝ። አብልታ ነው ይበሉኝ። ድሬሰሯ ቅማል ደብቃ አባቷን ልትገድል ነበር ከሚሉሽ እኔን ይበሉኝ። እኔ ከእንግዲህ ምን እሆናለሁ? አንቺ ገና ነሽ።»

ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ቀለል አለኝ፤ ቀለል ስላለኝም አፈርኩ። እሺ አልኳት።

አክስቴ ግን ጋቢዋን ለመቀቀል አልሰጥም አለች። አዲስ ነው፣ ውሃው ያበላሽብኛል፣ ደግሞስ ምን ነክቶት አለች። እናቴም ምክንያቱን ሳትነግራት አንዴ ለመነቻት፣ ሁለቴ ለመነቻት፣ ተወች። በአራተኛው ቀን አባቴ ተደግፎ ተቀመጠ፤ ጎረቤት ለእንኳን ማረህ ቤቱን ሞልቷል። አክስቴ ወንድሟን ስማ፣ ለአሥራ አምስት ቀን እግሩ ሥር የተኛችበትን ጋቢ ደርባ ወደ አስኮ ልትሄድ ተነሳች። አራት ልጆቿ አንድ አልጋ ላይ ነው የሚተኙት። ታናሹ ገና ይጠባል።

እናቴ በዐይኗ ያዘችኝ። እኔ መቀመጥ አልቻልኩም፤ ተነስቼ ጋቢውን ከትከሻዋ ላይ ያዝኩት።

«በዚህ ጋቢ አይሄዱም። ቅማል አለበት። ቅማሉም ከዚህ ቤት ነው። አባባን ያሳመመው እሱ ነው፤ ያገረሸበትም ከምግብ አይደለም፤ በሽታው ራሱ ነው የሚያገረሽ። እማዬ ምንም አላደረገችም። ልጆችዎ ጋ ይዘውት ከሄዱ እነሱም ይታመማሉ።»

ጠያቂዎቹ የተቀመጡበትን ጅባ ማየት ጀመሩ። አክስቴ ጋቢውን ከላይዋ ላይ እንደ እሳት አውጥታ መሬት ላይ ጣለችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። ቂል ሴት አልነበረችም።

«አንቺ ተምረሻል፤ ይህን ስታውቂ ነው የኖርሽው። ታዲያ ይሄን ሁሉ ቀን ለምን ዝም አልሽ?»

አፌን ከፈትኩ። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ጎረቤቶቻችን ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔ ነኝ» አለች እናቴ። «ልትናገር ስትል አፏን የያዝኳት እኔ ነኝ። ሐኪሙም ሲጠይቅ የለም በይ ብዬ የላክኋት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ አብልተሽ አይደለም፣ ደብቀሽ ነው ልትገድዪው የነበረው!» አለች አክስቴ። ጠያቂዎቹ ከንፈራቸውን መጠጡ።

እናቴ ጎንበስ ብላ ጋቢውን ከመሬት አነሳችና ወደ ጓሮ ይዛው ወጣች። ተከትያት ወጣሁ። በርሜሉ ሥር እንጨት ጨመርኩ፣ እሳቱን አራገብኩ። ውሃው ሳይፈላ ገብቼ እናገራለሁ እያልኩ ወደ በሩ ደጋግሜ አየሁ። ውሃው ፈላ፣ ጋቢው ተቀቀለ፤ እኔ አልገባሁም።