ለወጉ ያህል «እንሂድ» ያልናቸው እትዬ ዘነበች

እኔና ባለቤቴ ሜሮን በሺፍት ሥራ ምክንያት ጫጉላ የሚባል ነገር ሳናይ ነው የኖርነው። ዘንድሮ የሜልበርን ብርድ ሲጀምር፣ «በቃ፣ በጋ ወደሆነበት አገር ሄደን ባሕር ዳርቻ እንተኛ፤ ሁለታችን ብቻ!» ተባባልን። እሷ ቀርጤስ አለች፣ እኔ ማልታ። በዚህ ስንጨቃጨቅ ጡረታ የወጡት ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ከሰንሻይን ገበያ ሲመለሱ ጎራ አሉ።

ሜሮን ነገሩን አጫወተቻቸውና፣ ማዕድ ላይ ለደረሰ ሰው «እንብላ» እንደሚባለው፣ «እትዬ፣ እርስዎም አብረን እንሂድ እንጂ!» አለቻቸው። እኔም ወጉ እንዳይቀርብኝ «በሞቴ፣ እንሂድ!» አልኩ።

«ይቅናችሁ ልጆቼ» እስኪሉን ጠበቅን።

«ማልታማ ቅዱስ ጳውሎስን እባብ የነደፈው እዚያ አይደል?» አሉ ረጋ ብለው። «ቀርጤስንም እንጃ። የበርናባስ አገር ቆጵሮስ ከሆነ ግን እሺ፣ እመጣለሁ።»

ከሜሮን ጋር ተያየን። ማን ደፍሮ «ለወጉ ያህል ነው» ይበላቸው?

ይሄን የምነግራችሁ ከቆጵሮስ ነው። እትዬ ዘነበች ባሕሩ መሀል ገብተው እንደ ልጅ ይንቦጫረቃሉ። እኛ ነጠላቸውን ይዘን ዳር ቆመናል።

«ኑ እንዋኝ እንጂ፣ በሞቴ!» ይሉናል።

ሁለታችንም ዋና አንችልም።