ቀበሮዋ ያለችበት ቦታ

ባሌ ተራራ ላይ ተመራማሪዎች መከታተያ ሬዲዮ አንገቷ ላይ ያሰሩላት አንዲት ቀይ ቀበሮ ነበረች። አስጎብኚዬ ጉድጓዷን ለእንግዳ አያሳይም፤ እኔን ግን አምኖ ወሰደኝ። ቡችሎቿን ስታጠባ አየኋት። ቦታ ያልተጠቀሰበት ዜና ጎደሎ ነው ብዬ የሸለቆውን ስም ጋዜጣ ላይ ጻፍኩ። ጎብኚ ጎረፈ፤ እሷም ቡችሎቿን በአፏ አንጠልጥላ ሄደች።

ዛሬም ከተማ ውስጥ፣ የቀራንዮ ታክሲ ተሰልፌ ለአስጎብኚዬ ደወልኩለት።

«አለች?»

«አለች። ሬዲዮዋ ይሰማል።»

«የት ገባች?»

«አንተ ጋዜጠኛ፣ አሁንም የት ትላለህ?» ብሎ ሳቀብኝ።

«አንዴ ብቻ ልያት። አልጽፍም።»

«ና፣ ቀበሮ ሞልቷል። እሷን ግን አላሳይህም።»

እውነቱን ነው፤ አልተከራከርኩም። እኔን የናፈቀችኝ ግን እሷ ናት።