የፈቃድ ፈተናዬ

ጋምቤላ ገና ክልል በሆነችበት ሰሞን አዲስ ያልሆነ ነገር አልነበረም፤ ቢሮው አዲስ፣ ማህተሙ አዲስ፣ ኃላፊው አዲስ። እኛ ሆስፒታል ደግሞ የወባ መድኃኒት ጥናት መጣ። እኔ ነርስ ነበርኩ፤ ለጥናቱ ቡድን ስታጭ፣ ገና ሳልፈተን አቦቦ ወረዳ ላለው አባቴ ወሬውን ላክሁለት። እሱ ደግሞ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? «ልጄ ተመራማሪ ሆነች» ብሎ ከበቆሎ ማሳው እስከ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አዳረሰው። ብወድቅ በየት በኩል አቦቦ እገባለሁ?

ፈታኟ ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ዝምታ የሚያበዙ ሐኪም ነበሩ። የያዙት ወረቀት ላይ ደም አወሳሰድ፣ መዝገብ አያያዝ፣ ታማሚን ለጥናቱ ፈቃድ አጠያየቅ ተዘርዝሯል፤ በእያንዳንዱ አጠገብ «በቅታለች» ወይም «ገና ናት» ይጻፋል። ደምና መዝገቡን ያለ ምንም ችግር አለፍኩ። እጄ ለመርፌ የተባረከ ነው፣ ይህን ስናገር አላፍርም።

ፈቃድ መጠየቅ ደግሞ ምን አለው? አንዲት እናት ትኩሳት የያዘውን ልጇን አዝላ ስትገባ የፈቃድ ቅጹን ከላይ እስከ ታች አነበነብኩላት። «እሺ ሲስተር» አለችኝ። አውራ ጣቷን ቀለም አስነክቼ አስፈረምኳት።

ሐኪሟ ቀስ ብለው «እህቴ፣ ምንድን ነው የነገረችሽ?» አሏት።

«ልጅሽ ይድናል አለችኝ» አለች ፈገግ ብላ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ! ሐኪሟ ቅጹን ሰረዙና ራሳቸው እንደ አዲስ አስረዷት። ከስሜ አጠገብ «ገና ናት» ተጻፈ።

«እሺ ብላኛለች እኮ!» ብዬ ቱግ አልኩ።

«ነጭ ጋውን ለለበሰ ሰው እሺ የማይል ማን አለ?» አሉኝ። «ዓርብ እንደገና እናይሻለን። ያኔም ካልሆነ ወደ ዋርድሽ ትመለሻለሽ።»

ሁለት ቀን ፊቴን እንዳጠቆርኩ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን የዋርዳችንን ጽዳት ሠራተኛ፣ የዚያው የባሮ ወንዝ ዳር ተወላጅ የሆኑትን እናት፣ «እስቲ እንደ ታማሚ ልጅ እናት ሆነው ይስሙኝ» አልኳቸው። ሰምተው ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ባሮ እንኳ በክረምት እንዲህ አይሮጥም! ቁጭ በይ። መጀመሪያ የልጇን ስም ጠይቂ።» እስከ ዓርብ ሲያሠለጥኑኝ ሰነበቱ።

ዓርብ አንዲት ዓሣ ሻጭ ትኩሳት የያዘውን ሕፃኗን ይዛ መጣች። ዝቅ ብዬ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ልጁ ጥናቱ ውስጥ ከገባ ጣቱ በየሳምንቱ እየተወጋ ደም እንደሚወሰድ፣ ባትፈልግም ሕክምናው እንደማይቀርበት በእርጋታ ነገርኳት። «አሁን አንቺ ንገሪኝ» አልኳት። በጣቷ እየቆጠረች አንድም ሳታስቀር መለሰችልኝ።

ደስታዬን ሳልጨርስ «እኔ ለዓሣ ወዲያ ወዲህ እላለሁ፤ በየሳምንቱ መምጣት አልችልም። ደሙንም አልወድም። ሕክምናውን ብቻ ስጪኝ» አለችኝ።

እንቢ አለችኝ! «ትንሽ ጠብታ እኮ ናት» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ከንፈሬን ነክሼ ዋጥኩት። ወደ ተመላላሽ ክፍል ወስጄ ልጇን አሳከምኩላትና ተመለስኩ። ሐኪሟ ወረቀቱን ሰጡኝ። «በቅታለች» ይላል።

«እንቢ አለችኝ እኮ!»

«እዚህ ከመጣሁ ነገሩ ገብቷት እንቢ ያለች እናት ሳይ የመጀመሪያዬ ነው» አሉኝ።

ቅዳሜ አቦቦ ስደርስ አባቴ ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስቦ ይጠብቀኛል።

«አለፍሽ?»

«አለፍኩ!»

«እንዴት አድርገሽ?»

«እንቢ ተብዬ።»

ጎረቤቶቹን አየ፣ እኔን አየ። «ይህቺን እንኳ ለሰው አላወራም» አለኝ።